ፏፏቴው፣ ያለ ወቅቱ

"ምክሬን ከፈለጉ አሁን አይሂዱ" አለች፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ። "የራስዎ ጉዳይ ነው፣ አልከለክልዎትም። ግን አሁን ቢሄዱ የሚያዩት ድንጋይ ነው።"

ደዋዩ ሙሽራ ነበር። ሚስቱን ፏፏቴው ሥር አቁሞ ፎቶ ሊያነሳት አስቦ ሁሉን ነገር ጨርሷል፤ የቀረው የመኪና ቦታ መያዝ ብቻ ነው።

"ድንጋይ ማለት?"

"ድንጋይ ማለት ድንጋይ ነዋ። ጥቁር ገደል፣ መሃሉ ላይ ሁለት ክር ውሃ። ፏፏቴው ፏፏቴ የሚሆነው ክረምቱ ሲወጣ ነው። አራት ወር ብቻ ይታገሱ።"

"ሠርጌ እኮ የሚቀጥለው ሳምንት ነው!"

"ታዲያ ሚስትዎ ከአራት ወር በኋላም ሚስትዎ ናት አይደል?"

ሙሽራው ትንሽ አሰበና "እሺ፣ እነግራታለሁ" ብሎ ዘጋው። ከመስታወቱ ግድግዳ ወዲያ የተቀመጠችው የጉዞ ወኪሉ ሥራ አስኪያጅ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

"አሁንም አባረርሽው?"

"ክረምቱ ሲወጣ ይመጣል።"

"እስከዚያ ይፋቱ ይሆናል! ምናለ አንድ ቀን እንኳ ሂዱ ብትያቸው?"

በሩን ተደግፎ የቆመው የሚኒባሱ ሾፌር ከት ብሎ ሳቀ። ለዚህች ትኬት ቆራጭ "ትንበያ" የሚል ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ እንደ ሬዲዮው የአየር ትንበያ ማንም ሳይጠይቃት ስለ ወቅት ታወራለች ብሎ። በቀልድ የተጀመረው ስም ተለጥፎባት ቀረ። አሁን ደንበኞቹም ሲደውሉ "ትንበያ የለችም?" ነው የሚሉት።

ትንበያ በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። አሥራ አራት ዓመት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ፣ ማንም ሰው "ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ደርቆ አገኘሁት" ብሎ እንዳይወቅሳት ስትጠነቀቅ ኖራለች። ከራስጌዋ አሥራ ሁለቱን ወራት በቀለም የለየችበት ሠንጠረዥ ተሰቅሏል፤ ቀይ አትሂዱ፣ ቢጫ እንደ ዕድላችሁ፣ አረንጓዴ አሁኑኑ ተነሱ ማለት ነው። አረንጓዴው አምስት ሳምንት ብቻ ነው። በነዚያ አምስት ሳምንታት ታዲያ ስልኩ ከእጅ አይወርድም፣ ሚኒባሱ ሞልቶ ይሄዳል፣ ሞልቶ ይመለሳል፤ ለሠራተኛ ፈቃድ የሚባል ነገር አይታሰብም። መታመም እንኳ በተራ ነው።

አሁን ግን በጋ ነው፣ ቀይ። ሥራ ስለሌለ ግማሽ ቀን ስታስፈቅድ ማንም ለምን አላላትም። አባቷን ዓይን ሐኪም ቤት ልትወስድ ነው።

አባቷ ቀድመዋት ደርሰው ወረፋ ይዘው ጠበቋት። ከማተሚያ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ወንበር ላይ እንኳ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ረጅም ሰው ናቸው። ሰላሳ አንድ ዓመት የቀለም ማተሚያ ማሽን ላይ ስለሠሩ፣ እስከ ዛሬ ማንኛውንም ወረቀት ከማንበባቸው በፊት በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል። ያን ጊዜም የወረፋ ቁጥራቸውን እየዳበሱ ነበር።

"ርካሽ ወረቀት ነው" አሉ ልጃቸው አጠገባቸው ስትቀመጥ። "ሐኪሞቹ ደህና ቢሆኑ ነው የሚሻለው።"

ምርመራው አገጭን ማሽን ላይ አሳርፎ፣ ትንንሽ መብራቶች ብልጭ ባሉ ቁጥር ቁልፍ መጫን ነበር። አባቷ ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው ጥቂት ጊዜ ብቻ ተጫኑ።

"ማሽኑ የተበላሸ መሰለኝ" አሉ።

ማሽኑ ደህና ነበር። ወጣቷ ዶክተር ውጤቱን ወረቀት ላይ አሳየቻቸው፤ ዳር ዳሩ በሙሉ ጥቁር ነው፣ መሃል ላይ ሳንቲም የምታህል ነጭ ቀርታለች። በሽታው ግላኮማ መሆኑን ድሮም ያውቁታል። ይህን ያህል መግፋቱን ግን አላወቁም ነበር።

"ቀኝ ዓይንዎ አሁን ከብርሃን በቀር ሌላ አይለይም፣ አባባ" አለች ዶክተሯ። "ግራው መሃሉ ንጹሕ ነው፤ ዳር ዳሩ ግን ሄዷል። በጠባብ ቧንቧ ውስጥ እንደማየት ማለት ነው። ቧንቧው ደግሞ እየጠበበ ነው።"

"እሱንማ አውቀዋለሁ። የባለቤቴን ዓይን ሳይ አፏ ይጠፋብኛል። አፏን ሳይ ዓይኗ ይጠፋል። መቆጣቷን የማውቀው ከተቆጣች በኋላ ነው።"

ዶክተሯ ሳቀች፤ ሳቋን ግን ቶሎ ሰበሰበችው። "ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀዶ ሕክምና እንሠራልዎታለን። የሚሠራው የቀረውን ለማቆየት ነው፤ የሄደውን አይመልስም። ደግሞ መደበቅ የለብኝም፤ እንደ እርስዎ በጣም ከጠበበ በኋላ ከተሠራላቸው ሰዎች መካከል የቀረውንም ያጡ አሉ። ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ።"

"ባይሠራስ?"

"ባይሠራ እስከ ክረምቱ መጨረሻ የሚቆይ አይመስለኝም።" ብዕሯን አስቀመጠች። "ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ከቀጠሮው በፊት ይዩት፣ አባባ። ለሁሉም የምለው ነገር አይደለም።"

ከክፍሉ ወጥተው ኮሪደሩን ገና ሳይጨርሱ አባቷ ቆም አሉ።

"እንግዲያው ፏፏቴውን ነዋ" አሉ፣ ሱቅ ደርሼ ልምጣ እንደሚል ሰው ቀለል አድርገው።

"አሁን እኮ በጋ ነው፣ አባዬ።"

የደነገጠችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ይህን መልስ በቀን አሥር ጊዜ ስለምትሰጠው ምላሷ ራሱ ነበር የመለሰው። አባቷ ባርኔጣቸውን አድርገው በግራ እጃቸው ግድግዳውን እየነኩ ወደ በሩ ሄዱ፤ እሷም ክንዳቸውን ለመያዝ ተከተለቻቸው። በራሷ አፈረች።

ፏፏቴውን አሳይኝ ያሏት ዛሬ አይደለም። ሥራውን በጀመረችበት ዓመት ነበር መጀመሪያ የጠየቋት። "ክረምቱ ይውጣ፣ አባዬ" አለቻቸው። ክረምቱ ሲወጣ ሥራው አጣደፋትና "ትንሽ ይቅለልልኝ" አለች። ሥራው ሲቀልላት ውሃው ጎድሎ ነበር፤ "ለከርሞ" ተባባሉ። ለከርሞም እንደዚያው ሆነ። ጥሩው ወቅት ሲመጣ ጊዜ የላትም፣ ጊዜ ሲኖራት ጥሩው ወቅት አልፏል፤ እንዲህ እንዲህ ሲባባሉ አሥራ አራት ዓመት ሄደ። እሳቸውም በየዓመቱ አንዴ ጠይቀው ዝም ይላሉ። ሰው የማያስቸግር አባት መሆን አንዳንዴ እንዲህ ይጎዳል።

ታክሲ ውስጥ ሆና ነገሩን ከራሷ ጋር ተከራከረችበት። በዚህ ሳምንት ብትወስዳቸው፣ በቀረቻቸው ጠባብ ዓይን የሚያዩት ያንን ራቁቱን የቆመ ገደል ነው። ምናልባት በሕይወታቸው የመጨረሻ የሚያዩት ትልቅ ነገር እሱ ይሆናል፤ ያኔ ይህን ነበር ወይ አሥራ አራት ዓመት ያስጠበቅሽኝ ሊሏት ነው። ብትጠብቅ ደግሞ ከአራት ወር በኋላ ዓይናቸው ላይኖር ይችላል። ቢሆንም በዚያን ጊዜ ፏፏቴው ከሩቅ ያስገመግማል፣ ውሃው እንደ ጭስ ተነሥቶ ፊት ላይ ያርፋል። ማየት ባይችሉ እንኳ ይሰሙታል፣ ይነካቸዋል። ለዓይነ ስውር ሰው የትኛው ወር ይሻላል ብሎ የጠየቃት ደንበኛ እስከ ዛሬ የለም።

ቤት ሲደርሱ እናቷ ምሳውን አቅርበው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ በር ላይ ቆመዋል።

"ምን አሏችሁ?"

"ጠቧል አሉ" አሉ አባቷ። "ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀዶ ሕክምና ይሠሩልኛል። ከዚያ በፊት ፏፏቴውን ላየው ነው።"

እናቷ ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው አንገቷን ደፋች። ነገሩ ምን ያህል እንደከበደ ያን ጊዜ ገባቸው፤ ግን ከባድ ነገር ሲመጣ መቆጣት ልማዳቸው ነው።

"ውሃ ለማየት አምስት ሰዓት በመኪና መንቀጥቀጥ! ቧንቧውን ልክፈትልህና እየው።"

"ቧንቧ ተከፍቶ ውሃ የመጣበትን ቀን ንገሪኝና አየዋለሁ።"

"ተወኝ እስቲ አንተ ሰውዬ። ብላ።"

ከመመገቢያው ጠረጴዛ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የፏፏቴው ፖስተር ተለጥፏል። አባቷ በሥራ ላይ ሳሉ በየጊዜው እየደጋገሙ ያተሙት ነው። ትንበያ የምትሠራበት ቢሮም አለ፣ ሆቴሎች ውስጥ አለ፣ የደብተር ሽፋን ላይም ወጥቷል፤ ፏፏቴውን ሄዶ ያላየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በዚህ ፎቶ ነው። ገደሉን ከዳር እስከ ዳር የሞላ፣ የጠራ ሰማያዊ ውሃ። ትንበያ ጉርሻዋን ሳትጨርስ ቀና ብላ አየችውና ልቧ ተሰበረ።

"አባዬ፣ እውነቱን ልንገርህ። አሁን ብወስድህ ታዝንብኛለህ። እንደዚህ አይደለም" አለች ወደ ፖስተሩ እየጠቆመች።

"እንደዚህማ አይደለም" አሉ አባቷ እየበሉ።

"እንደዚህ የሚሆነው ክረምቱ ሲወጣ ነው።"

"ክረምቱ ሲወጣም አይደለም።"

"እኔ ነኝ እኮ የማውቀው፣ አባዬ! ሥራዬ ነው።"

"የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ።" ማንኪያቸውን አስቀምጠው አፋቸውን ጠረጉ። "ፎቶው ሲመጣልን ውሃው ቡናማ ነበር። ጎርፍ ነዋ! ክረምት ያንን ሁሉ አፈር ይዞ ነው የሚወርደው። ያሳተመው ሰውዬ ናሙናውን አይቶ 'ይሄን ጭቃ አይቶ ማን ይመጣል? ሰማያዊ ጨምርበት' አለኝ። ቢጫውንና ቀዩን ቀነስኩ፣ ሰማያዊውን ለቀቅኩት። ሁለት ጊዜ መለሰው። በሦስተኛው ይሄ ሆነ።" በግራ ዓይናቸው ብቻ ወደ ግድግዳው አዩ። "እንደዚህ የሚሞላበት ወር ውሃው ቡናማ ነው። ውሃው የሚጠራበት ወር ደግሞ እንደዚህ አይሞላም። ይሄ የሚታይበት ቀን በዓመት ውስጥ የለም።"

ትንበያ በሥራ ምክንያት ፏፏቴው ድረስ ዘጠኝ ጊዜ ሄዳለች። ዘጠኙንም ጊዜ ደርሳ ስታየው አንድ ሳምንት የቀደመች ወይም አንድ ሳምንት የዘገየች ይመስላት ነበር። ትናንት ቢሆን ኖሮ፣ ከነገ ወዲያ ቢሆን ኖሮ እያለች ነው የምትመለሰው። ሠንጠረዧ ላይ ያለውን አረንጓዴም በየዓመቱ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ስትገፋው ኖራለች። ለካ ስትፈልገው የኖረችው ቀን አባቷ ማሽን ላይ የተሠራ ነው።

"እና ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?"

"አፈርኩ" አሉ። "ልጄ የምትሸጠው እኔ የቀባሁትን ነው ብዬ ምን ብዬ ልንገርሽ? ደግሞ ስታወሪ ደስ ትያለሽ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ክረምቱ ሲወጣ ስትዪ፣ ምናልባት እኔ ሳላውቅ እንደዚያ የሚሆንበት ቀን ይኖር ይሆናል ብዬም አስብ ነበር።"

"ቀለሙ እንደዚህ እንዳልሆነ ካወቅህ ታዲያ ምን ልታይ ነው የምትሄደው?"

"ቀለሙን ነዋ!" አሉ፣ ይህን አለማወቋ ገርሟቸው። "ሰላሳ አንድ ዓመት መልኩን ስቀይርበት የኖርኩትን ነገር አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት አይቼው አላውቅም። እውነተኛ መልኩን ልየው። ቢቀጥንም ይቅጠን።"

"እስቲ ላስብበት" አለች ትንበያ።

እናቷ ሳህኖቹን እያነሱ ነበር። ቆም ብለው "ምኑን ነው የምታስቢው?" አሏት። "ስለ ውሃው ነው ወይስ ስለ አባትሽ?"

ትንበያ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ቢሮ ተመለሰች።

ሾፌሩ ከቢሮው ፊት ለፊት እጅጌውን ጠቅልሎ ሚኒባሱን እያጠበ ነበር። ሐሙስ ጠዋት አራት ተማሪዎች ይዞ ወደ ፏፏቴው ይሄዳል። በዚህ ወር ትንበያ ያልከለከለቻቸው መንገደኞች እነሱ ብቻ ናቸው፤ የሚያጠኑት ስለ ድንጋይ ስለሆነ ውሃው በቀነሰ ቁጥር ደስ ይላቸዋል።

"አንድ ነገር እውነቱን ንገረኝ" አለችው። "በጥሩው ወቅት የምልካቸው ሰዎች ተደስተው ነው የሚመለሱት?"

ሾፌሩ የውሃውን ቱቦ አጠፈና አያት። ትንበያ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቃው አታውቅም።

"ይደሰታሉ። ይረጥባሉ፣ ይጮሃሉ፣ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ይቀራል፣ ይደሰታሉ። ምን አያችሁ ካልሻቸው ግን ግማሾቹ ያዩት ጉም ነው።"

"ጉም?"

"ውሃው ሲበዛ ራሱ በራሱ ላይ ጭስ ሆኖ ይነሣል። ከፊታቸው ነጭ ነገር ይቆማል፣ ከኋላው ድምፅ አለ። ደስ የሚላቸው ድምፁ ነው። ለጆሮ ከሆነ እውነትም ክረምት ሲወጣ የሚያህለው የለም።"

"አንተም አልነገርከኝም።" ያ ቀን ሰው ሁሉ ሳይነግራት የኖረውን የሚናገርበት ቀን ነበር።

"ወቅት ላይ ካንቺ ጋር ማን ይከራከራል? ሬዲዮ አጥፍቼ እንዳልሄድ ቢሮው ውስጥ ነሽ።"

"አሁንስ እንዴት ነው?"

"አሁን? ትንሽ ነው። በጣም ትንሽ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ጥርት ያለ ነው።"

ለዓይን ወይስ ለጆሮ። ሾፌሩ ቱቦውን ለቆ ጎማውን ማጠብ ሲጀምር እሷ እዚያው ቆማ ቀረች። ለጆሮ የሚሆነው ክረምት በየዓመቱ ይመጣል፤ የአባቷ ጆሮ ደግሞ ደህና ነው፣ ኩሽና ውስጥ የሚንሾካሾኩትን እንኳ ይሰማሉ። ዓይኑ ግን ያለው ሦስት ሳምንት ነው። ነገሩ እንዲህ ሲቀመጥ ሕፃን ልጅ የሚመልሰው ቀላል ጥያቄ ነበር። ያከበደው የሷ ፍርሃት ነው፤ አባቷ ሲያዝኑ ማየት አልፈለገችም።

ገብታ የሐሙሱን ዝርዝር አወጣችና ሁለት ሰው ጨመረችበት። ሥራ አስኪያጇ ከትከሻዋ በላይ አነበበችው።

"አንቺ ራስሽ? በቀይ ወር?"

"እኔ ራሴ።"

"ታመሻል እንዴ?"

"አባቴ ነው የታመመው" አለች ትንበያ፤ ሥራ አስኪያጇም መቀለዷን ትታ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሡ። እናቷ "እኔ ቤት ጠባቂ ነኝ" ብለው ቀሩ፤ ነገር ግን የዓይን ጠብታውን በቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ፔርሙዝ ውስጥ፣ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ሁለት ጊዜ አስረው ነው የሰጧት። አባቷ ከሠርግ በቀር የማይለብሱትን ኮት ለብሰዋል። ተማሪዎቹ መንገዱን ሙሉ ስለ ድንጋይ ተከራከሩ፤ አባቷ ከነሱ ጋር ገብተው ስለ ማተሚያ ድንጋይ አወሩላቸው፣ ድሮ ድሮ ሰው በድንጋይ ያትም እንደነበር፤ ተማሪዎቹም የምራቸውን ደብተር አውጥተው ጻፉ። ትንበያ ግን ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ሜዳ እያየች፣ የደረቀ ነገር ባየች ቁጥር ወደ አባቷ ትዞር ነበር።

አምስት ሰዓት ገደማ መኪናው የመጨረሻውን ዳገት ወጥቶ መታጠፊያው ላይ ቆመ። እዚያ ማንም የሚያየው ነገር የለም፤ ሾፌሩ ሁልጊዜ የሚያቆመው ሞተሩን ሊያበርድ ነው። ፏፏቴው ከዚህ ማዶ፣ ከሸለቆው ባሻገር፣ ከሩቅ ይታያል። ዋናው መመልከቻ ታች ነው፤ በእግር አርባ ደቂቃ ተወርዶ ከፏፏቴው ሥር ይደረሳል። የፖስተሩም ፎቶ የተነሣው ከዚያ ነው።

አባቷ ወረዱ። የመኪናውን በር ይዘው ወደ ሸለቆው ዞሩ፣ ግን ያዩት ሌላ ገደል ነበር። በጠባቧ ዓይናቸው ከተራራ ወደ ተራራ ሲፈልጉ ራሳቸው እየተወዛወዘ ነበር፤ ትንበያ ይህን ማየት አልቻለችምና ከኋላቸው ሄዳ ትከሻቸውን ያዘች።

"ወደ ግራ፣ አባዬ። ትንሽ። ትንሽ ጨምር። አሁን ዝቅ በል።"

ትከሻቸው በእጇ ውስጥ ጸጥ አለ።

እሷም አየችው። እንደፈራችው ነው። ጥቁር ገደል፣ መሃሉ ላይ ቀጭን ውሃ። "ክረምቱ ሲወጣ ቢሆን ኖሮ" የሚለው ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። አባቷ ራሳቸውን ሳያንቀሳቅሱ ማዶውን እያዩ ነው። ዕንባዋ መጣ፤ ትከሻቸውን ለቀቀች።

"ገባልኝ" አሉ አባቷ።

"ምኑ?"

"ሙሉው። አናቱም፣ መውደቂያውም። ራሴን ሳላንቀሳቅስ።" ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። "ስንት ወር ሆነኝ፣ እንኳን ተራራ፣ ሰው እንኳ ሙሉ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም። እናትሽን በየተራ ነው የማያት። ይሄ ግን ሙሉው ገባልኝ።"

ትንበያ መጀመሪያ አልገባትም፤ ቀስ እያለ ነው የገባት። ውሃው ቀጭን ስለሆነና እነሱም ሩቅ ስለቆሙ፣ ፏፏቴው እንዳለ በዚያች ሳንቲም በምታህል ቦታ ውስጥ ተቀምጧል። ክረምቱ ሲወጣ ብታመጣቸው ኖሮ፣ ዓይናቸው አሁን እንዳለ ቢቆይ እንኳ፣ ቁራጭ ነጭ ነገር፣ ከዚያ ሌላ ቁራጭ ነጭ ነገር ብቻ ነበር የሚያዩት። አሁን በደስታ ይሁን በጸጸት ባታውቀውም፣ ዕንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

"ቀለሙስ?" አለች ድምፅዋን አስተካክላ።

"ቆይ፣ አትቸኩይ። ሥራ ላይ ነኝ።"

ማተሚያ ቤት ሳሉ ናሙና ሲያዩ እንደሚያደርጉት አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን አንሥተው ብዙ ቆዩ።

"ነጭ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ሥሩ ላይ፣ ከድንጋዩ ሲደርስ፣ ትንሽ አረንጓዴ ይነካዋል። ሰማያዊ የሚባል ነገር አጠገቡ አልደረሰም።" ከዚያ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ! አቤት ያባከንኩት ቀለም!"

ተማሪዎቹ መዶሻና ገመዳቸውን ሸክፈው ተሰልፈዋል። ሾፌሩ ለሞተሩ ውሃ ሞልቶ ሲጨርስ ወደ አባትና ልጅ መጣ።

"እንውረድ እንግዲህ፣ አባባ። እኔ እደግፍዎታለሁ። ዋናው ያለው ታች ነው፤ በዚህ ወቅት ሥሩ ድረስ ይኬዳል፣ በእጅዎ ይነኩታል።"

አባቷ ዓይናቸውን ከማዶ ሳያነሡ "እሷ ታውቃለች" አሉ። "የወቅቱም የቦታውም ባለሙያ እሷ ናት።"

ታች ያልወረደ ሰው ፏፏቴውን አየሁ እንዳይል እያለች ትንበያ አሥራ አራት ዓመት ሰው ስትመክር ኖራለች። ሾፌሩም ይህን ስለሚያውቅ የአባቷን ክንድ ለመያዝ እጁን ዘርግቶ ነበር።

"አንተ ልጆቹን ይዘህ ውረድ" አለችው። "እኛ እዚሁ ነን።"

"እዚህ? መታጠፊያው ላይ?" ሾፌሩ ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ፤ አቧራና የጎማ ዱካ ብቻ ነው ያለው። "እኛ እስክንመለስ ሦስት ሰዓት ነው እኮ፣ ትንበያ።"

"ሦስት ሰዓት ይሁን።"

ከመኪናው የወንበር ትራስ አምጥታ መንገዱ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ አነጠፈችና አባቷን ፊታቸውን ሳያዞሩ ቀስ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ እሷም መሬቱ ላይ፣ እንዳትጋርዳቸው በቀኛቸው፣ በማያየው ዓይናቸው በኩል ተቀመጠች።